በክርስትና ስሟ የጻፈችው

ከአንኮበር ቁልቁል ሲወርዱ፣ ከአቦ ቤተ ክርስቲያን በስተግርጌ፣ እናናየሁ የምትባል ጠጉር ፈታይ ነበረች። የበግ ጠጉር ከባላገር እየገዛች ታጥባለች፣ ታፍታታለች፣ ትፈትላለች። ፈትሉንም በወር አንድ ቅዳሜ ደብረ ብርሃን ገበያ አውጥታ ባና ለሚባለው የጠጉር ብርድ ልብስ ሠሪዎች ትሸጣለች። ፈትሏ እኩል ነው፤ አይጎረብጥም፣ አይበጠስም። የአካባቢው ሰው ስለ እሷ ሲጠየቅ የሚለው ይህንኑ ነበር። ሌላ የሚነገርላት ነገር ያለ አይመስልም ነበር።

ባሏ ዘርአ ዳዊት የብራና ጸሐፊ ነበር። እሱ በደጃፉ ብርሃን ተቀምጦ ሲጽፍ እሷ አጠገቡ እንዝርቷን ታሾራለች። ፊደል ያስቆጠሯት አባቷ ናቸው፤ ዳዊት እስክትደግም አስተምረዋት፣ ለሴት ልጅ ይህ ይበቃል ብለው እዚያው ላይ አቆሙ። ዘርአ ዳዊት ግን አንድ ገጽ በጨረሰ ቁጥር ወደ እሷ ያዞርላት ነበር። የተዘለለ ቃል፣ ሁለት ጊዜ የተጻፈ መስመር የምታገኘው እሷ ናት። ስታገኝ አትናገርም፤ በጣቷ ብቻ ታሳየዋለች። እሱም ምንም ሳይል ቢላውን አንስቶ ይፍቀዋል።

በ1951 ዓ.ም. ክረምት ዘርአ ዳዊት ሳምባውን ታሞ ሞተ። ልጅ አልነበራቸውም። እናናየሁ የቀለም ቀንዱንና የመቃ ብዕሩን ለአንድ ለሚጠቀምበት ደብተራ ሰጠች። በአርባው ቀን የመጣው ሰው ሁሉ «ደግ ሰው ነበር» አለ። ደግ መሆኑስ እውነት ነው። ነገር ግን በተዝካሩ ቀን ደግ ነበር ያልተባለ ሰው አይታ አታውቅም። ጎረቤት ከውጭ ሲጠራው በፊደሉ መካከል ብዕሩን አንስቶ እንደሚወጣ፣ ተመልሶም ያቋረጣትን የፊደሉን ዘንግ ከቆመችበት እንደሚቀጥል፣ መጋጠሚያዋም እንደማይታይ ማንም አላነሳም። ያዩት ነገር አይደለምና አይፈረድባቸውም። እናናየሁ ፈትል ልትሸጥ ከሄደችበት ገበያ አንድ ደብተር ገዝታ ተመለሰችና ይህንኑ ሁለት ገጽ አድርጋ ጻፈችው። ስትጨርስ ለማን እንደምታሳየው አሰበች። ቢኖር የሚያነብላት እሱ ነበር።

ደብተሩን አገልግል ውስጥ ከተተችው። ከዚያ በኋላ ግን እጇ ለመደ። ከፈትል ስታርፍ ስለ ሌላ ሰው ትጽፋለች። የቤተ ክርስቲያኑን ግቢ ስለሚጠርጉት መነኩሲት ጻፈች። መንገደኛ ሳያሳድር የማያሳልፍ አንድ ድኻ ገበሬ ነበር፤ ስለ እሱም ጻፈች። ሁሉም በአካባቢዋ ያሉ ክርስቲያኖች ናቸው፤ አንዳቸውም መጻፋቸውን አያውቁም። እንዲህ እያለ አምስት ዓመት ሲሆን ሦስት ደብተር ሞላ።

በ1956 ዓ.ም. ደብረ ብርሃን ውስጥ የአንድ ደብር ወጣቶችና መምህራን ማኅበር አቁመው፣ በማባዣ መኪና የሚወጣ አራት ገጽ ጋዜጣ ጀመሩ። በደጃቸው ላይ የእንጨት ሳጥን ሰቅለው «ስለ ክርስቲያን ኑሮ የጻፈ ሁሉ እዚህ ይክተት» ብለው ለጠፉበት። እናናየሁ ፈትሏን ሸጣ ስትመለስ ይህን አነበበች። አንድ ወር አለፈች፤ ሁለተኛውንም ወር አለፈች። በሦስተኛው ስለ መነኩሲቷ የጻፈችውን በንጹሕ ወረቀት ገልብጣ፣ ግራ ቀኝ አይታ ከተተችው።

ስትፈርም ብዙ አላሰበችም። ባሏ በጻፋቸው መጻሕፍት ሁሉ የሚያጽፈውም የሚጽፈውም የሚጠራው በክርስትና ስሙ ነው። ለቤተ ክርስቲያን የሚገባ ጽሑፍ በዓለም ስም ይፈረማል ብላ አልጠረጠረችም። ስለዚህ «ወለተ ጊዮርጊስ፣ ከአንኮበር በታች፣ ከአቦ ደብር» ብላ ጻፈች። የክርስትና ስም ደግሞ በአደባባይ አይጠራም፤ ክፉ ሰው ሰምቶ ይመተትበታል ይባላል። የእሷን ስም ባሏ ያውቀው ነበር፤ እሱ ከሞተ ወዲህ የሚያውቁት የነፍስ አባቷ አባ ገብረ ሕይወት ብቻ ናቸው።

ጋዜጣው አንዳንዴ ለአባ ይደርሳቸዋል፤ ሲደርሳቸውም ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝቡ ያነቡታል። አንድ እሑድ ስለ መነኩሲቷ የተጻፈውን አነበቡ። እናናየሁ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ስባ ከሴቶቹ መካከል ቆማ ሰማች። አንዲት ሴትዮ ወደ ጎረቤቷ ዘንበል ብላ «ቁርጥ የኛይቱ እማሆይ! መጥረጊያዋን ስትደብቅ ሳይቀር» አለች። እናናየሁ የዚያን ቀን መንገዱን ሁሉ ስትሄድ ፊቷ ፈካ እንዳለ ነበር። ከዚያ በኋላ ሁለት ጽሑፎች ከተተች፤ ሁለቱም ወጡ።

በ1958 ዓ.ም. መስከረም ያስገባችው አራተኛው ነው። እሱ ሳይነበብ ብዙ ወራት ቆየ። ከዚያ የካቲት አምስት፣ ለአቦ በዓል፣ ከቅዳሴ በኋላ አባ ገብረ ሕይወት ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይዘው ብቅ አሉ።

«ለአንዲት ምእመን የተጻፈ ነው፤ በደብሩ አድራሻ ስለመጣ በአደባባይ ላንብበው» አሉና ጀመሩ። «ለተከበሩ ወለተ ጊዮርጊስ። ባለፈው መስከረም ያስገቡት ‹ካብ የሚክብ ሰው› የተባለው ጽሑፍዎ ዘንድሮ ከተቀበልናቸው ሁሉ በልጦ ስለተገኘ፣ የካቲት 16 ቀን ለኪዳነ ምሕረት ደብረ ብርሃን ተገኝተው ሽልማትዎን እንዲቀበሉ በአክብሮት እንጠይቃለን። ሆኖም የሰው ጽሑፍ እየገለበጡ የሚያመጡ ስላስቸገሩን፣ ጸሐፊዋ በአካል ካልቀረቡ ጽሑፉ አይወጣም። ካልቀረቡም ከእንግዲህ በዚህ ስም የሚመጣ ጽሑፍ አንቀበልም።»

የጽሑፉ ርእስ ሲጠራ የሰው ሁሉ ራስ ወደ ቅጥሩ ዞሮ ነበር። ከቅጥሩ ውጭ፣ ደረቱን በካቡ ላይ አስደግፎ ጣሰው ቆሟል። ጣሰው ከደብሩ ሹማምንት ጋር በአንዲት የጓሮ ድንበር ተጣልቶ «ሁለተኛ እግሬ በዚህ ቅጥር አይገባም» ብሎ ከማለ ቆይቷል። ታዲያ ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፍ የሚያፈርሰውን የቤተ ክርስቲያኑን ካብ መልሶ የሚክበው ማንም ሳይጠይቀው፣ ማንም ሳይከፍለው፣ እሱ ነው። ከውጭ ሆኖ ይክባል፤ ከውጭ ሆኖ ያስቀድሳል።

«ወለተ ጊዮርጊስ የሆነች ትቅረብ» አሉ አባ።

ጠላ ጠማቂዋ አልታየች ሰውን በክርኗ እየከፈለች ወጣች። «እኔ ነኝ።»

«አንቺ?»

«ወለተ ጊዮርጊስ ነኝ፤ ደብቄው ኖሬ ነው እንጂ። ነገ ቅበላ ነው አይደል አባቴ? ሽልማቱ ሙክት ከሆነ እኔ ነኝ።»

ሰዉ ሳቀ። አባም ጢማቸውን ዳሰሱ። «ጽፈሻል ወይ ነው የሚሉት፣ ልጄ።»

«ፊደል መቼ ቆጠርኩና። ስሙ ግን የኔ ነው። የጠሩትም ስም ነው።»

ጣሰው ከካቡ ባሻገር ድምፁን አሰማ። «አባ፣ ይሄ የሚክበው ሰው ማን ይባላል?»

«ደብዳቤው ስም አይጠራም፣ ጣሰው።»

«በዚህ አገር ስንት ሰው ይክባል?»

አባ ደብዳቤውን አጠፉ።

«እንግዲያ የጻፈችው ትምጣና ፊቴ ታንብበው። ምን ብላ እንደሰደበችኝ ልወቅ» አለና ዱላውን አንስቶ ሄደ።

እናናየሁ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። ቤቷ ስትገባ እንዝርቷን አነሳች፤ ፈትሉ ሁለት ጊዜ ተበጠሰባት። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። ዝም ካለች ግን ሳጥኑ ይዘጋባታል፤ ከእንግዲህ የምትጽፈው ሁሉ እንደ ድሮው አገልግል ውስጥ ሊቀመጥ ነው። ሁለት ዓመት ሰው ሲያነብላት ኖራ ወደዚያ መመለስ ከበዳት። ወደ ማታ ነጠላዋን አጣፍታ አባ ቤት ወረደች።

«አባቴ፣ ያቺ እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አሉ አባ፤ ከደጃቸው ጉቶ ላይ እንደተቀመጡ።

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ስሙ ያንቺ ነዋ። የማን እንደሆነ አደባባይ ላይ እንድናገር አልፈቀድሽልኝም።»

«ቢቀርስ? ወጥቼ እኔ ነኝ ማለቱ ትዕቢት ይሆንብኛል።»

አባ ቀና አሉ። «ትዕቢት ከሆነ ንስሐሽን የምሰማው እኔ ነኝ፤ ቀኖናውንም እሰጥሻለሁ። ግን እናናየሁ፣ ጣሰውን ፈርተሽ ትዕቢት አትበዪው።»

ልትሄድ ነጠላዋን አስተካከለች።

«ደግሞ ፍጠኚ» አሉ አባ ሲሸኟት። «አልታየች ደብረ ብርሃን የምትሄድበት በቅሎ ስትጠይቅ ውላለች።»

ሰኞ ጾም ተያዘ። እናናየሁ የጽሑፏን ግልባጭ በመቀነቷ ይዛ ወጣች። ጣሰው ከቅጥሩ በስተምሥራቅ በኩል፣ ባለፈው ክረምት የተናደውን እያስተካከለ ነበር።

«እንዴት አደርክ፣ ጋሼ ጣሰው።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። በጎቼን ገና አልሸለትኩም፤ ጠጉር ፈልገሽ ከሆነ ተመለሺ።»

«ጠጉር አይደለም። ስላንተ የጻፈችው እኔ ነኝ።»

ጣሰው በእጁ የያዘውን ድንጋይ ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠው። ከእግር እስከ ራሷ አያት። «እኔ እኮ አንዲት የከተማ ተማሪ መስላኝ ነበር። አንቺ ነሽ? ከፈትል ሌላ ምን ታውቂያለሽ?»

«ብዙ አላውቅም። ላንብብልህ?»

«አንብቢያ።»

ፊቱን ወደ ካቡ አዙሮ ሥራውን ቀጠለ። እሷም ቆማ አነበበች። በአንድ ደብር አንድ ቁጡ ሰው እንዳለ፣ ከደብሩ ሹማምንት ጋር ተጣልቶ ዘጠኝ ዓመት ደጁን እንዳልረገጠ፣ ጎርፍ ካቡን በናደው ቁጥር ግን ከሁሉ ቀድሞ የሚደርሰው እሱ እንደሆነ ጽፋለች። ድንጋዩን እንዴት እንደሚመርጥ፣ ገልብጦ አይቶ «አንተ ለታች ነህ፣ አንተ ለላይ» እያለ እንደ ሰው እንደሚያናግረው፣ ካቡ ሲያልቅ ወደ ውስጥ የሚያየው ፊት ከውጪው ይልቅ እንዲያምር እንደሚጠነቀቅ፣ እሱ ግን ያን ፊት ከማለ ወዲህ አይቶት እንደማያውቅ ጽፋለች። ስታነብ የድንጋዩ ድምፅ ቀስ በቀስ ቆመ።

ስትጨርስ ጣሰው ሳይዞር «ዘጠኝ ዓመት አልሽ» አላት።

«አዎ።»

«አስር ዓመት ከአራት ወር ነው።»

«አስተካክለዋለሁ።»

«ቁጡ ብለሽኛል።»

«አይደለህም?»

«ነኝ። ግን ከመጀመሪያው መስመር ላይ ምን አስቸኮለሽ? ሰው ትንሽ ይለምደኝና በኋላ ብትዪውስ?» አፉ ወደ ፈገግታ ሄድ ብሎ ተመለሰ። ከዚያ ዞር አለ። «ይመኙሻልስ የታለች?»

እናናየሁ ወረቀቱን ቁልቁል አየች። ይመኙሻል የጣሰው ሚስት ናት፤ ከሞተች ሦስት ዓመት ሆኗታል።

«ድንጋዩን ከወንዝ ዳር ማን ያመላልሰው ነበር? እኔ ስክብ ከታች ማን ያቀብለኝ ነበር? ብቻዬን አስመሰልሽኝ። ባትወጂኝ አይገርመኝም፤ እሷ ግን ጨው ስትጨርሺ ታበድርሽ ነበር።»

ይህ እውነት ነው። እናናየሁ ይመኙሻልን ከታች ቆማ ድንጋይ ስታቀብል በዓይኗ አይታታለች፤ አንድ ጊዜ አይደለም። ጽሑፉን ስትጽፍ ግን የታያት ድንጋይ የሚገለብጠው ሰው ብቻ ነበር። ባሏ የሞተባት ሴት የሌላ ሰው ሟች መርሳቷን አሰበችና ወረቀቱን አጠፈችው።

«ልክ ነህ» አለችው። «ሳላስገባት አልሄድም። ስለ እሷ ንገረኝ።»

«አሁን እየካብኩ ነው።»

«እየካብክ ንገረኝ።»

መጀመሪያ ወደ ሥራው ተመለሰ። ሦስት አራት ድንጋይ ካስቀመጠ በኋላ ግን ጀመረ። ይመኙሻል ከጠቡ በፊትም በኋላም አንድ እሑድ ሳትቀር ስታስቀድስ ኖራለች። እሱ አልገባም ሲል አንድ ቀን እንኳ ግባ ብላ አልጨቀጨቀችውም። ከቅዳሴ ስትወጣ በውጭ በኩል ዞራ ትመጣና ጠበሉን በእፍኟ ታጠጣዋለች። «ከዚህ በኩል ጎብጧል» ትለዋለች፤ ከውስጥ ያየችውን ነው የምትነግረው። የውስጡን ፊት የሚያሳምረው በእሷ ዓይን ነበር። እናናየሁ ሣር ላይ ተቀምጣ፣ በጉልበቷ ላይ ጻፈች።

የካቲት 15 ቀን ወደ ደብረ ብርሃን ልትነሣ ስትል ጣሰው በቅሎውን ይዞ መጣ። «ካልሄድኩ መልሰሽ ብቻዬን ታደርጊኛለሽ» አላት። መንገዱን ሙሉ ስለ አካሄዷ፣ ስለ ስንቋ፣ ነጠላዋን ስላጠላለፈችበት መንገድ ሲነቅፋት ዋለ፤ ዳገት ላይ ሲደርሱ ግን ወርዶ እሷን በበቅሎው አስቀመጣት።

የማኅበሩ ኃላፊ መምህር ገብረአማኑኤል የሚባል ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ሰው ነው። እናናየሁ ማንነቷን ስትነግረው ብድግ ብሎ ወንበሩን ለቀቀላት። የእጅ ጽሕፈቷን ለማየት ይቅርታ እየጠየቀ ወረቀት አቀረበላት። ሁለት መስመር ጻፈችለት። ፊደሏ ቀጥ ያለ፣ እኩል የተሰደረ የብራና ጽሕፈት ነው። መምህሩ መስከረም ከመጣው ወረቀት ጋር እንኳ ሳያስተያይ «ይበቃል» አለ።

«አንድ ነገር ግን አለ» አለች እናናየሁ። «የሸለማችሁት ጎደሎ ነው። ይኸው ያሟላሁት። ይሄ ካልሆነ አይውጣ።»

«የፈረድነው በመጀመሪያው ጽሑፍ ነው፣ እትዬ።»

«እንግዲያ ሽልማቱ ይቅር። ያለ እሷ ግን አይውጣ።»

ጣሰው ከበሩ አጠገብ ቆሞ ባርኔጣውን በእጁ ያዞራል። መምህሩ ወረቀቱን ተቀብሎ በመስኮቱ በኩል ቆመና አነበበ። እስከ መጨረሻው አንብቦ ወደ መሐሉ ተመለሰ። እናናየሁ ዓይኗን ከጣቱ ላይ አላነሳችም። ጣቱ አንድ ቦታ ላይ ቆመ።

«ከመጀመሪያው ይበልጣል» አለ። «ለጓደኞቼ አሳያለሁ፤ እምቢ አይሉም። እዚህ ላይ ግን ‹እውነተኛ ትዳር እንዲህ ነው› ብለው ያስተምሩናል። ጠበሉን በእፍኟ ስታጠጣው አይተናል እኮ። ከዚያ በኋላ ስብከቱ ምን ያደርጋል?»

እናናየሁ ቀና ብላ አየችው። መጻፍ ከጀመረች ወዲህ እንዲህ አድርጎ ያነበበላት ሰው አልነበረም። እስክሪብቶውን ከእጁ ተቀብላ መስመሩን ሰረዘችው።

በማግስቱ በአዳራሹ ውስጥ ሦስት ጸሐፊዎች ተሸለሙ። አንዱ ከእነዋሪ የመጣ ዲያቆን፣ አንዱ ከደብረ ሲና የመጣ ሽማግሌ ነበሩ፤ በመጨረሻ አንደኛ የወጣችው «ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ» ተብላ ስትጠራ እናናየሁ ተነሥታ ወጣች። ስሟ ያን ያህል ሕዝብ መካከል ሲጠራ ትደነግጥ መስሏት ነበር፤ አልደነገጠችም። አስር ደብተርና አንድ ቀለም የሚሞላ ብዕር ሰጧት። አንድ አዛውንት ካህን ባረኳትና «ጻፊ ልጄ፤ በየደብራችን ያሉትን ጻፊልን» አሏት። ሰው አጨበጨበ። ስትመለስ ጣሰው ቦታ እየለቀቀላት «ለእንግዳ ያቀረቡት ሽሮ ወጥ ጨው በዝቶበታል፤ እንዳትበዪ» አላት።

ጋዜጣው ከፋሲካ በኋላ ለአባ ደረሳቸው። ያን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሊያነቡ ሲነሡ፣ ወደ ቅጥሩ ጠጋ ብለው ቆሙና ድምፃቸውን ከወትሮው ከፍ አደረጉ። ቁጡ የሚለው ቃል ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ወርዷል። ሰው ሳቀ፤ ጣሰውም ከውጭ ሆኖ ሲስቅ ተሰማ። የይመኙሻል ስም ሲጠራ ግን አንድ ድንጋይ የላላ ይመስል ጎንበስ ብሎ ይዳስስ ጀመር፤ ንባቡ እስኪያልቅም ቀና አላለም።

እናናየሁ ከዚያ ወዲያ ለመነበብ የሚሄድ ነገር ሁሉ መጀመሪያ ስለ እሱ በተጻፈው ሰው ፊት ታነበዋለች፤ ሟች ከሆነም ለዘመዱ። በዚህ የተነሣ ሥራዋ ዘገየ፤ በዓመት ከሦስት በላይ አታስገባም። ፈትሏንም አልተወችም፤ ባለጉዳዩ ሲናገር እንዝርቷ ይሾራል፣ ሲያቆም ትጽፋለች። አንዳንዱ ተቆጥቶ ይሄድና በሳምንቱ የረሳውን ሊነግራት ይመለሳል።

በ1959 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ አልታየች ራሷ መጣች። ጠላ ቤቷ ስለሚያድሩ እንግዶች የተጻፈውን ልትሰማ ነው። እግሯን ዘርግታ ተቀምጣ፣ በየመስመሩ «እሱስ እውነት ነው» እያለች ሰማች። አንድ ቦታ ላይ እጇን አነሳች።

«እንዲህ ብዬ አላውቅም።»

«ብለሻል» አለች እናናየሁ። «ለአቦ በዓል፣ አባ ፊት። ሙክት ከሆነ እኔ ነኝ ብለሻል።»

«ብያለሁ። ግን ደብረ ብርሃን ድረስ መሄድ አለበት?»

«እሱ ከተሰረዘ የምትቀሪው ሌላ ሴት ሆነሽ ነው።»

አልታየች የዘረጋችውን እግሯን ሰበሰበች። «እንግዲያው ቀጥዪ» አለች፤ እናናየሁም ከዚያው ቀጠለች።